በ12ኛ ክፍል 41 በመቶ ይዞ ነርሲንግ በዲግሪ መማር ይቻላል ወይ?

ጥያቄው፦ «የምጽፈው ከሰሜን ሸዋ፣ ከመሐል ሜዳ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በተፈጥሮ ሳይንስ ወስጄ 246 ከ600 አመጣሁ። እንግሊዝኛ 47፣ ሒሳብ 32፣ ፊዚክስ 36፣ ኬሚስትሪ 39፣ ባዮሎጂ 50፣ አፕቲትዩድ 42 ነው። ከ9 እስከ 12 ያለው ትራንስክሪፕቴም ጥሩ አይደለም፤ አማካዩ 63 ነው። ምኞቴ ነርስ መሆን ነው፣ በዲግሪ። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ‹አሁኑኑ ዲግሪ ጀምሪ፣ የመግቢያውን ጉዳይ በኋላ እናስተካክላለን› አለኝ። አባቴም በግ ሸጦ ሊከፍልልኝ ተዘጋጅቷል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አባትሽ በጎቻቸውን አይሽጡ። ነርሲንግን በዲግሪ መማር ትችያለሽ፤ በ41 በመቶ ግን ዛሬውኑ ወደ ዲግሪ ፕሮግራም መግባት አትችይም። መሃል ላይ ማለፍ ያለብሽ አንድ ደረጃ አለ። እሱን አዘልሎ የሚያስገባሽ ተቋም ካለ፣ አራት ዓመት ከፍለሽ ተምረሽ ማስረጃሽ የማይረጋገጥበት ሁኔታ ውስጥ ነው የሚከትሽ።

ስለ ትራንስክሪፕትሽ ግን አትጨነቂ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ የሚሠራው በብሔራዊ ፈተናው ውጤት ነው። ትራንስክሪፕት የሚጠየቀው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በሕጋዊ ትምህርት ቤት መማርሽን ለማረጋገጥ ነው፤ 63 አማካይ በዚህ በኩል ምንም አይከለክልሽም። ይልቅ ለሌላ ነገር ተጠቀሚበት። አውጪውና በየዓመቱና በየትምህርቱ ተመልከቺው። ውጤትሽ የወረደበት መንፈቅ ዓመት ትምህርት የተቋረጠበት ጊዜ ከሆነ ችግሩ ያለመረዳት ሳይሆን ያለመማር ነው። በሰሜን ሸዋ ባለፉት ዓመታት ስንት ትምህርት ቤት ለስንት ጊዜ እንደተዘጋ ታውቂያለሽ። ያልተማርሽውን ምዕራፍ ለይተሽ ካወቅሽ፣ የጠፋብሽን ነጥብ ከየት እንደምትመልሺ አወቅሽ ማለት ነው።

41 በመቶ ማምጣትሽም ሰነፍ አያሰኝሽም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ትምህርት ሚኒስቴር ሪሜዲያል የሚባለውን የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም የጀመረው በዚህ የተነሳ ነው። የአንቺም የመጀመሪያ መንገድ እሱ ነው።

ሪሜዲያል 50 በመቶ ላላመጡ፣ ግን ሚኒስቴሩ በየዓመቱ ከሚያወጣው የሪሜዲያል መቁረጫ ነጥብ በላይ ለሆኑ ተማሪዎች ነው። የመቁረጫ ነጥቡ በየዓመቱ ይለያያል፤ ለሴቶች ከወንዶቹ ዝቅ ይላል። ስለዚህ «ጓደኛዬ በዚህ ነጥብ አልገባም» የሚለውን ወሬ ትተሽ፣ የዓመቱን ማስታወቂያ ራስሽ አንብቢና በሴቶች ረድፍ ያለውን ቁጥር ከ246 ጋር አስተያዪ። ቁጥሩን ካለፍሽ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ትሞያለሽ። ደብረ ብርሃን ብቻ ካልሆነ ብለሽ አትድረቂ፤ ሩቅ ብትመደቢም ሂጂ። ቀኑ ካለፈ ቦታው እንደሚጠብቅሽ እርግጠኛ መሆን አትችይም፤ በየዓመቱ ከገጠር ወረዳ የሚመጡ ልጆች ማስታወቂያውን ዘግይተው በመስማታቸው ብቻ ይቀራሉ። መብራትና ኔትወርክ በሚጠፋበት ቦታ ካለሽ፣ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ማስታወቂያውን እንዲከታተልልሽ አሁኑኑ አደራ በይ።

በተፈጥሮ ሳይንስ የሪሜዲያል ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይማራል። ጊዜው አጭር ነው፤ አንድ መንፈቅ ዓመት ገደማ። ከመቶው 30 በሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ ምዘና፣ 70 ደግሞ ከማዕከል በሚመጣ ፈተና ይያዛል፤ ለማለፍ 50 ያስፈልጋል። ይህን ክፍፍል በደንብ አስቢበት፣ ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በውስጥ ምዘናው ከ30 24 የያዘ ተማሪ ከማዕከሉ 26 ከ70 ቢያመጣ 50 ይሞላል። ውስጥ 14 ብቻ የያዘ ግን ከማዕከሉ 36፣ ማለትም ከግማሽ በላይ ማምጣት አለበት። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት «ገና ነው» ብሎ ያሳለፈ ተማሪ የክፍል ፈተናውንና የቤት ሥራውን ነጥብ ያጣል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከባዱን ፈተና ይበልጥ ከባድ አድርጎ ይቀመጣል። ዶርም በገባሽ ማግሥት ጀምሪ።

ሪሜዲያል ማለፍ ነርሲንግ መግባት ማለት እንዳልሆነም ከወዲሁ እወቂው። ያለፈ ተማሪ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይሆናል፤ የጋራ ኮርሶችን፣ ማለትም የእንግሊዝኛ የመግባቢያ ክሂል፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ሒሳብ፣ ጄኔራል ፊዚክስ፣ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና የመሳሰሉትን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ነው የትምህርት ክፍል ምርጫ የሚመጣው፤ ምርጫውም በውድድር ነው። የዚያ ዓመት ጂፒኤ፣ ማለትም የውጤት አማካይ፣ ትልቅ ድርሻ አለው። ለሴት ተማሪዎች በውድድሩ ልዩ ድጋፍ የሚያደርጉ ዩኒቨርሲቲዎች ስላሉ፣ እንደገባሽ የሬጅስትራርን ጽሕፈት ቤት በግልጽ ጠይቂ። በጤናው መስክ ሕክምናና ፋርማሲ ብዙ ተማሪ የሚሻማባቸው ናቸው። ነርሲንግን መጀመሪያ ምርጫሽ አድርጊው፤ ሁለተኛውን ሚድዋይፈሪ ብታደርጊ ከፍላጎትሽ ብዙ አትርቂም። ሎጂክና ሳይኮሎጂን «ኮመን ኮርስ ነው» ብለሽ አትናቂያቸው፤ በጂፒኤ ውስጥ ክሬዲታቸው እኩል ይቆጠራል፣ ከፊዚክስ ይልቅ ኤ የሚገኘውም እነሱ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ብትመደቢ የጤና ትምህርቱ የሚሰጠው በአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ነው።

የሪሜዲያሉ ነጥብ ካልደረሰሽስ? ብሔራዊ ፈተናውን በግል ተፈታኝነት ድጋሚ መውሰድ ትችያለሽ። ምዝገባው ከፈተናው ወራት ቀድሞ ስለሚካሄድ የወረዳሽን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ከመስከረም ጀምረሽ ጠይቂ። ግማሹ 300 ነው፤ የጎደለሽ 54 ነጥብ ነው። «54 እንዴት ይሞላል» ብለሽ አትደንግጪ፣ በየትምህርቱ ከፋፍዪው እንጂ። የአንቺን ውጤት ይዤ እንዲህ አድርጌ ነው የማየው፦ ባዮሎጂን ከ50 ወደ 66፣ ኬሚስትሪን ከ39 ወደ 51፣ እንግሊዝኛን ከ47 ወደ 58፣ አፕቲትዩዱን ከ42 ወደ 52፣ ሒሳብን ከ32 ወደ 40፣ ፊዚክስን ከ36 ወደ 41። ድምሩ 308 ይመጣል። ፊዚክስ ላይ አምስት ነጥብ ብቻ እንደጠየቅሁሽ ልብ በይ። ጊዜሽን እኩል ከፋፍለሽ ለስድስቱም መስጠት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ፊዚክስ ላይ አንድ ነጥብ ለመጨመር የሚወስደው ሰዓት ባዮሎጂ ላይ ከዚያ የበለጠ ነጥብ ሊያስጨምርሽ ይችላል። ባዮሎጂ ደግሞ ነርሲንግ ከገባሽ በኋላም የምትቆሚበት መሠረት ነው፤ ሕዋስ፣ ኢንዛይም፣ የደም ዝውውር፣ ሆርሞን፣ ጀነቲክስ የተባሉት ሁሉ በአናቶሚና በፊዚዮሎጂ ተመልሰው ይመጣሉ።

አጠናኑ ላይ የሚበላሸው ነገር ይታወቃል። ተማሪው ሾርት ኖት ፎቶ ኮፒ ያስደርጋል፣ የቆዩ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ይሸመድዳል፤ ጥያቄው አንዲት ቃል ተቀይራ ስትመጣ ይጠፋበታል። መማሪያ መጽሐፉን አንብቢ። ምዕራፉን እንደጨረስሽ መልሱን ሸፍነሽ 30 ጥያቄ ሥሪ። የሳትሽውን እያንዳንዱን ጥያቄ በአንድ ደብተር ላይ አስፍሪና ለምን እንደሳትሽው ጎኑ ላይ ጻፊ፦ ጉዳዩን ሳላውቀው ነው፣ ስሌት ተሳስቼ ነው፣ ወይስ ጥያቄውን አሟልቼ ሳላነብ? ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ስታዪ ከሦስቱ አንዱ በዝቶ ታገኚዋለሽ። «ሳላውቀው» ከበዛ ወደ መጽሐፍ፣ «ስሌት» ከበዛ ወደ ልምምድ፣ «ሳላነብ» ከበዛ ደግሞ ወደ እንግሊዝኛሽ ነው የምትመለሺው። ጥያቄው ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ የእንግሊዝኛ ድክመት ባዮሎጂንም ኬሚስትሪንም አብሮ ይጥላል።

ሒሳብ 32 ማምጣትሽ ግን ለመግቢያው ብቻ ሳይሆን ለሙያውም ያሳስበኛል፤ ይህን ሳልነግርሽ ባልፍ አልረዳሁሽም። ነርስ በየቀኑ መድኃኒት ታሰላለች። አንድ ሕፃን አሞክሳሲሊን 200 ሚሊ ግራም ታዘዘለት እንበል። ሽሮፑ ላይ «250 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር» ተጽፏል። 200ን ለ250 አካፍለሽ በ5 ስታባዢ 4 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ያው መድኃኒት «125 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር» በሚል ጠርሙስም ይመጣል፤ በዚያኛው ለዚያው ሕፃን የሚሰጠው 8 ሚሊ ሊትር ነው። ጠርሙሱን ሳታነብ ከትናንቱ ልማድ የሰጠች ነርስ ሕፃኑን ግማሹን ወይም እጥፉን ትሰጠዋለች። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽም እንደዚሁ ነው፦ 1000 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን በ8 ሰዓት እንዲገባ ቢታዘዝና ፈሳሹ የሚገባበት የመስጫ ቱቦ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚጥል ቢሆን፣ 1000 በ20 ተባዝቶ 20,000 ጠብታ ይሆናል፤ 8ቱ ሰዓት ደግሞ 480 ደቂቃ ነው። 20,000ን ለ480 ስናካፍል በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይመጣል። ሰዓቱን ወደ ደቂቃ ሳይቀይር ለ8 ያካፈለ 2,500 ያገኛል፤ በደቂቃ 2,500 ጠብታ ሊቆጠር እንደማይችል ማስተዋል ራሱ የሙያው አካል ነው። እዚህ ውስጥ ያለው ማባዛት፣ ማካፈል፣ ጥምርታና የመለኪያ ቅየራ ነው፤ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሒሳብ። ከዚያ ጀምሪ። ሎጋሪዝምና ፈንክሽን ላይ የሚከብድሽም ብዙ ጊዜ ታች ያለው ክፍልፋይ ስላልጠነከረ ነው።

ሦስተኛው መንገድ በደረጃ መማር ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በክልሉ ሥር ያለ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ፤ በቴክኒክና ሙያ ሥርዓት በደረጃ ያሠለጥናል። የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ በክልሉ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ከዲግሪው መግቢያም ዝቅ ያለ ነው። ሥልጠናውን ስትጨርሺ ሲኦሲ፣ ማለትም የብቃት ምዘና፣ ትፈተኛለሽ። ምዘናው የዕውቀትና የተግባር ክፍል አለው፤ በአንዱ ማለፍ ብቻውን አይበቃም። ሲኦሲ ያላለፈች ሠልጣኝ ዲፕሎማዋን ይዛ ቤት ትቀመጣለች፣ ወደ ዲግሪ የመሻገሩ ነገርም በዚያው ይቆማል። ከደረጃ 4 ተነስቶ በነርሲንግ ዲግሪ መቀጠል ይቻላል፤ የብቃት ማረጋገጫውን፣ የሥራ ልምዱንና የመግቢያ ፈተናውን በጊዜው በሥራ ላይ ያለው መመሪያ በሚጠይቀው መሠረት ታሟያለሽ። ይህን መንገድ ሰዎች «ዝቅ ያለ» ሲሉት ትሰሚያለሽ። አልስማማበትም። ጤና ጣቢያ ውስጥ ሁለት ሦስት ዓመት መርፌ ወግታ፣ ቁስል አጥባ፣ የታካሚ ቻርት ሞልታ ዲግሪ የምትገባ ልጅ ክሊኒካል አታችመንት ላይ፣ ማለትም በሆስፒታል የተግባር ልምምድ ላይ፣ ከማንም አታንስም። ረጅም መሆኑ ግን እውነት ነው፤ ሪሜዲያል ከደረሰሽ እሱን አስቀድሚ።

አሁን ወደዚያ ኮሌጅ እንመለስ። የግል ተቋም መግባት በራሱ ስህተት አይደለም፤ ነርሲንግን በአግባቡ የሚያስተምሩ አሉ። ነገር ግን ለግልም ለመንግሥትም የዲግሪ መግቢያው የሚወሰነው በትምህርት ሚኒስቴር ነው። «በኋላ እናስተካክላለን» የሚለው ቃል ምንም መሠረት የለውም፤ ያለፈ የመግቢያ ውጤት ወደ ኋላ ተመልሶ አይስተካከልም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶ ማምጣት አለበት። ነርስ ሆኖ ለመሥራት ደግሞ ከዚያ በላይ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ብቃት ምዘናና የሙያ ፈቃድ አለ። በእነዚህ ሁሉ መዳረሻ ላይ ፋይልሽ ይገለጣል፤ የመጀመሪያው ወረቀት የ12ኛ ክፍል ውጤትሽ ነው። ችግሩ የሚወጣው አንደኛ ዓመት ላይ ሳይሆን የአባትሽ በጎች ካለቁ በኋላ ነው።

የግል ተቋም የምትሄጂ ከሆነ፣ የሪሜዲያል መቁረጫውን አሟልተሽ፣ ሪሜዲያሉንም በዚያው ሥርዓት አልፈሽ ይሁን። ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የተሰጠውን የዕውቅና ደብዳቤ አሳዩኝ በያቸው። ደብዳቤው ላይ አራት ነገር አንብቢ፦ የትምህርቱ ስም ነርሲንግ መሆኑን፣ ደረጃው የመጀመሪያ ዲግሪ መሆኑን፣ ካምፓሱ አንቺ የምትማሪበት ደብረ ብርሃን መሆኑንና ቀኑ ያላለፈበት መሆኑን። ዕውቅና ለተቋሙ በጅምላ የሚሰጥ አይደለም። አዲስ አበባ ባለው ካምፓስ ነርሲንግ የተፈቀደለት ኮሌጅ ደብረ ብርሃን ላይ ፋርማሲ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ባለሥልጣኑ የግል ተቋማትን በቅርቡ ዳግም እንዲመዘገቡ ስላደረገ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቆየ ወረቀትም ማስረጃ አይሆንም፤ ደብዳቤውን በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ባለሥልጣኑ ዘንድ አረጋግጪ። ፎቶ አታነሺም ካሉሽ መልስሽን አገኘሽ። ሌላው መጠየቅ ያለብሽ ተግባር ልምምዱ የት እንደሆነ ነው፦ ከየትኛው ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ጋር ውል አላቸው፣ በአንድ ዙር ስንት ተማሪ ይገባል? ታካሚ ሳይነካ የተመረቀ ነርስ በመውጫ ፈተናም በሥራም ላይ ይታወቃል። በርቀት ወይም በእሁድ ብቻ ነርሲንግ እናስተምራለን የሚል ካጋጠመሽ ጊዜሽን አታባክኚ።

የመጨረሻው ጉዳይ ወረቀት ነው። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሰርተፊኬትሽን፣ ከ9 እስከ 12 ያለውን ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትሽንና የፋይዳ መታወቂያሽን ጎን ለጎን ዘርጊና የስምሽን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ፊደል በፊደል አመሳክሪ። የአንቺን ብቻ አይደለም፣ የአባትሽንና የአያትሽንም። አንዱ ወረቀት ላይ ወልደ ማርያም በአንድ ቃል፣ ሌላው ላይ በሁለት ቃል ተጽፎ ከሆነ፣ ወይም የአንዱ ፊደል ከሌላው ከተለየ ሬጅስትራር ሊመልስሽ ይችላል። ትራንስክሪፕቱን የሚያርመው የተማርሽበት ትምህርት ቤት ነው። የብሔራዊ ፈተናውን ስም ደግሞ በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት በኩል ማመልከት ይጠይቃል፤ ይህኛው ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ልዩነት ካገኘሽ ምደባ እስኪወጣ አትጠብቂ፣ በዚህ ሳምንት ጀምሪው። ከዋናው ወረቀት ሌላ የእያንዳንዱን ሦስት ሦስት ኮፒ አስነሺና አንዱን ስብስብ ቤት ተዪው፤ በመኪና መንገድ ላይ ሻንጣ የጠፋባት ልጅ ከመሐል ሜዳ እንደገና ሁሉንም ለማውጣት ስትመላለስ የምዝገባው ቀን ያልፋታል።